ድፍድፉ አርፏል ወይ? ጠላ በሃያብለ ሙቀት

ጠላ ደረሰ የሚባለው እርሾው የሚበላውን ስኳር ጨርሶ ወይም ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶት፣ ኮምጣጣነቱ ግን ገና ሳይበረታ ነው። ይህች ጊዜ ደጋ ላይ ለቀናት ትቆያለች። ጅቡቲ ከተማ፣ ሃያብለ ላይ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት፣ አንዳንዴ ማታ ያልደረሰው በማግስቱ ማታ አልፎ ይገኛል። ወዲያው ቀድቶ ለሚጠጣ ሰው ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው። ጠርሙስ ወይም ሃይላንድ (የውሃ ፕላስቲክ) ሞልቶ ክዳኑን አጥብቆ ለሚያስቀምጥ ግን የደኅንነትም ጉዳይ ይሆናል፤ መፍላቱን ያልጨረሰ ጠላ ተዘጋበት ብሎ አያቆምምና።

ሃያብለ ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ በባልባላ ወገን ያለ ሰፈር ነው። ቆርቆሮው ብዙ፣ ዛፉ ጥቂት ነው። በሐምሌ ቀትር ጥላ ውስጥ 41 እና 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ሌሊቱም ከ30 ብዙ አይወርድም። በጥር ቀኑ 29፣ ሌሊቱ 22 ገደማ ይሆናል። ያው በጥር ያለው ሌሊት እንኳን አዲስ አበባ በክረምት ድፍድፍ ከሚያርፍበት ጓዳ ይሞቃል። እርሾ ደግሞ ገደቡን እስኪያልፍ ድረስ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሥራውን በግምት እጥፍ ያፋጥናል። ስለዚህ ከጎንደር ወይም ከደብረ ብርሃን ይዘውት የመጡት የቀን ቆጠራ፣ “በዚህን ያህል ቀን ይቀዳል” የሚለው የእናት ትምህርት፣ ባሕር ዳርቻ ሲደርስ ይሳሳታል። ሙያው ልክ ነው፤ የተሳሳተው ቀኑ ብቻ ነው።

ጌሾው የደጋና የወይና ደጋ ተክል ስለሆነ ከኢትዮጵያ ካልመጣ እዚህ የለም። ከእንዶድና ከበርበሬ ጋር ተጠቅልሎ በባቡሩም በጋላፊ መንገድም ይወርዳል። ጋኑ ግን አብሮ አይወርድም፤ ከባድ ነው፣ ይሰበራል። በጋን ፋንታ ሰማያዊ በርሜል ወይም ጀሪካን ይገባል። ይህ ለውጥ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ሸክላ ውሃ ያልባል፤ ላቡ ሲተን ጋኑን ያቀዘቅዘዋል። ፕላስቲክ አያልብም። በዚያ ላይ እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ ስለዚህ የበርሜሉ ሆድ ከክፍሉ አየር ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ማለዳ ነው፣ ቆርቆሮው ገና አልጋለም። በአንዲት ጠባብ ግቢ ጥግ አንድ በርሜል እርጥብ ጆንያ ለብሶ ተቀምጧል፤ አፉ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። ሴትዮዋ ጨርቁን በአንድ ወገን ፈታ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ትናንት ሲፍለቀለቅ የነበረው አሁን እንደሚንሾካሾክ ሰው ሆኗል። በበርሜሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ፣ ከፈሳሹ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ቡናማ የደረቀ የአረፋ ቀለበት ይታያል፤ አረፋው እስከዚያ ወጥቶ ተመልሷል። የጌሾው እንጨት ግማሹ ሰጥሟል።

“እማማ፣ ዛሬ ይቀዳል?” ይላል በር ላይ የቆመ ጎረምሳ።

“ነገ እንየው፣ ልጄ። ወጥቶ ወረደ እንጂ ገና አላረፈም።”

በዚህ መልስ ውስጥ ብዙ ሙያ አለ። ወጥቶ መውረድና ማረፍ አንድ አይደሉም፤ የብዙ ሰው ስሕተት የሚመጣውም ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

ልዩነቱ እንዲገባ የጠላን አሠራር በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። ዕቃው በግራዋ ታሽቶ፣ በወይራ ወይም በጥንጁት ታጥኖ ይዘጋጃል። መጀመሪያ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ቀናት ካደረ በኋላ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል፤ ቀጥሎም እንኩሮ ወይም አሻሮና የጌሾ እንጨት ተጨምሮ ይደፈደፋል። ድፍድፉ ሲበስል በውሃ ይቀጥናል፣ አፉ ይከደናል፣ እስኪጠል ይጠበቃል። ከላይ ገና ሳይጠል የሚቀዳው ጉሽ፣ ጠሎ የሚወጣው ጠላ፣ ውሃ ተጨምሮ በመጨረሻ የሚገኘው ደግሞ ቅራሪ ነው። የመጠኑና የቅደም ተከተሉ ዝርዝር ከቤት ቤት ይለያያል፤ ጎጃም የሚጠመቀውና ሸዋ የሚጠመቀው አንድ አይደለም።

በዚህ ሁሉ ሂደት ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይካሄዳል። ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይቆርሳል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ከ100 ግራም ግሉኮስ 51 ግራም ያህል አልኮልና 49 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣል። ይህ 49 ግራም ጋዝ በ25 ዲግሪ ሙቀት 27 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። በርሜሉን የሚያስጮኸው፣ ጠርሙሱንም የሚያፈነዳው እርሱ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1876 እ.ኤ.አ. ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሕይወት ያላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸውን፣ መጥፎው ጣዕም የሚመጣውም ከሌሎች ተሕዋስያን መሆኑን አሳይቷል። በጠላ ውስጥ ከእርሾ ጋር አብረው የሚኖሩት ሌሎች፣ በተለይ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች፣ ሁልጊዜ ጠላት አይደሉም፤ ጠላን ጠላ የሚያሰኘው ቀለል ያለ ኮምጣጣነት የእነርሱ ነው። ቁም ነገሩ እስከ መቼ ይሥሩ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ጠላ ከፋብሪካ ቢራ ይለያል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጀመረው ዓይነት ቢራ ሲሠራ የብቅሉ ጭማቂ እሳት ላይ ይፈላል፤ ሲፈላ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ የስኳሩም መጠን በዚያው ይቆረጣል። እርሾው የሚችለውን በልቶ ያቆማል፤ ማብቂያው ግልጽ ነው። በጠላ ግን ብቅሉ እሳት ሳያየው ስለሚገባ ኢንዛይሙ በሕይወት አለ። እርሾው ስኳሩን ሲጨርስ ከእንኩሮው ሌላ ስኳር ይመጣለታል። ስለዚህ የጠላ መፍላት እንደ መብራት አይጠፋም፤ እንደ ከሰል ቀስ እያለ ይከስማል። አረፋው ወርዶ ድምፁ ከጠፋ በኋላ ለቀናት በዝግታ የሚቀጥል ሥራ አለ። ሴትዮዋ “ገና አላረፈም” ያለችው ይህን ነው።

ባለሙያ ሴቶች በዓይን፣ በጆሮ፣ በአፍንጫና በምላስ የሚያነቡት ምልክት አለ፤ አንዱም ብቻውን አይበቃም። አረፋው መውረዱ የመጀመሪያው ነው። እርሱ የሚነግረው ግን የግርግሩ ጊዜ ማለፉን ብቻ ነው። ቀጥሎ ጥራቱ ይታያል፦ የሚሠራ እርሾ በጋዙ እየተገፋ ስለሚዋኝ ፈሳሹ ደፍራሳ ነው፤ ሥራ ሲፈታ ይሰጥማል፣ ከላይ ያለውም ከጣት እስከ ስንዝር ድረስ ይጠላል። በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ማንሳት ይህን ያሳያል። በእርግጥ ከእህሉ የመጣ ዱቄት ያደፈረሰው ጠላ እርሾው ቢተኛም ላይጠራ ይችላል። ክብሪትም አለ፤ ወደ በርሜሉ አፍ የቀረበ እሳት ድርግም ካለ ከፈሳሹ በላይ ጋዙ ተኝቷል ማለት ነው። ይህን አንዳንዱ “ገና እየፈላ ነው” ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትክክል አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ መፍላቱ ካበቃ በኋላም ካልነፈሰበት እዚያው ይተኛል። ክብሪቱ ስለ ትናንት ነው የሚናገረው።

ከሁሉም የሚታመነው ምላስ ነው። ጣፋጭነቱ ሄዶ የጌሾው ምሬት ብቅ ሲል፣ ኮምጣጣነቱ ከኋላ በቀጭኑ ሲመጣ ደርሷል። ጣፋጭ ከሆነ ስኳር አለ፤ ስኳር ካለ ሥራ አለ። የምላስ ድካሙ ከትናንቱ ጋር ማወዳደር አለመቻሉ ነው። ዛሬ የተቀመሰው ከትናንት ይልቅ ደርቋል ወይስ ያው ነው? ወሳኙ ጥያቄ ይህ ሲሆን ምላስ የትናንቱን በልክ አያስታውስም።

ለዚህ የተሠራው ዕቃ ሃይድሮሜትር ነው፤ ከታች የከበደ፣ አንገቱ ላይ ቁጥር ያለው የመስታወት ተንሳፋፊ። ስኳር ያለበት ፈሳሽ ስለሚወፍር ከፍ አድርጎ ያንሳፍፈዋል፤ ስኳሩ እያለቀ አልኮል ሲተካ እየጠለቀ ይሄዳል። ንጹሕ ውሃ 1.000 ነው። 1.045 ላይ ጀምሮ 1.008 ላይ የቆመ መጠጥ አልኮሉ ወደ 5 በመቶ ነው። በቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው የሚከተለው ሕግ አጭር ነው፦ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲለካ ቁጥሩ ካልተለወጠ አልቋል። አንድ ንባብ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው አለመለወጡ ነው።

ሃያብለ ላይ ግን መሣሪያው ራሱ ይታረማል። ብዙው ሃይድሮሜትር በ20 ዲግሪ ልክ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በ35 ዲግሪ ፈሳሹ ስለሚሳሳ ቁጥሩ 0.004 ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። ማለዳ በ28 ዲግሪ የለካ ሰው ከሰዓት በ36 ደግሞ ቢለካ ምንም ሳይለወጥ የወረደ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ቢቻል ናሙናውን አቀዝቅዞ መለካት ነው። ለጠላ ሌላም ጥንቃቄ ይጨመራል፦ ናሙናው በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጣራ፣ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እየተገለበጠ ጋዙ ይውጣ። ያልተጣራ ድፍድፍ ዱቄቱ ተንሳፋፊውን ይሸከመዋል፤ የጋዝ አረፋም ጎኑ ላይ ተለጥፋ ታነሳዋለች። በጉሽ ላይ የተነበበ ቁጥር እንደሌለ ይቆጠር።

ሃይድሮሜትር የሌለው ቤት ሃይላንድ አያጣም። ለጅቡቲ ኑሮ በሃይላንድ የሚደረገው ሙከራ ይሻላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ታጥቦ የተጣራ ጠላ እስከ ግማሹ ይገባበታል። መጀመሪያ ክዳኑ እየተከፈተ እየተዘጋ በደንብ ይናጣል፤ በጠላው ውስጥ ሟሙቶ ያለው አሮጌ ጋዝ በዚህ ይወጣል። “ጭስ” ማለቱን ሲተው ፕላስቲኩ በእጅ ይጨመቃል፣ አየሩ ወጥቶ ጎኑ ሲገባ እንደተጨመቀ ክዳኑ ይጠብቃል። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከበርሜሉ አጠገብ፣ ይደር። ጠዋት ጎኑ እንደገባ ከተገኘ ጠላው አርፏል። ትንሽ ተነፍቶ በጣት ሲነኩት የሚገባ ከሆነ እየከሰመ ነው። ተነፍቶ እንደ ኳስ ከጠጠረ ግን ገና ነው፤ ያን ጠላ በጠርሙስ መክደን አደጋ መጋበዝ ነው።

ይህ ሙከራ እንኳን አንድ ነገር ያመልጠዋል። በሐምሌ ሳምንታት በርሜሉ ውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ካለፈ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ሊዝል ወይም ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ ድምፅ የለም፣ አረፋ የለም፣ የሃይድሮሜትሩም ቁጥር ከቀን ቀን ያው ነው፤ ስኳሩ ግን አለ። ሁሉም ምልክት “አለቀ” ይላል፣ ምላስ ብቻ “ጣፋጭ ነው” ይላል። በዚህ ጊዜ ምላስን ማመን ይገባል። ለማረጋገጥ ከጠላው ትንሽ ቀድቶ አንድ ቁንጥር የዳቦ እርሾ ጨምሮ ወደ 30 ዲግሪ በሚሆን ቦታ ሁለት ቀን ማቆየት ነው፤ ከተነሳና ቁጥሩ ከወረደ የበርሜሉ እርሾ ተረትቷል እንጂ ሥራው አላለቀም። ያ ስኳር ሜዳ ላይ አይቀርም። ወይ ሙቀት የሚችሉት ባክቴሪያዎች አሲድ ያደርጉታል፣ ወይ ማታ በረድ ሲል የተረፈው እርሾ ነፍስ ዘርቶ ጠርሙስ ውስጥ ይጨርሰዋል። ከፍተኛ ሙቀት ላይ የሠራ እርሾ ራስ ምታት ያመጣሉ የሚባሉና እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚሸቱ ከባድ አልኮሎችንም ያበዛል፤ “የጅቡቲ ጠላ ራስ ይመታል” የሚል ሰው ካለ ምክንያቱ ምናልባት እዚህ ነው።

ጠላ በአገሩ የጠርሙስ መጠጥ አይደለም። ከጋኑ እየተቀዳ በዋንጫና በጣሳ ይጠጣል፤ እንግዳው ወደ ጠላው ይሄዳል እንጂ ጠላው ወደ እንግዳው አይሄድም። በሰው አገር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወዳጅ ሩቅ ሰፈር ነው፣ ፈረቃ ሥራ ላይ ነው፣ በዓሉን በቤቱ አያውልም፤ ስለዚህ ሁለት ሊትር በሃይላንድ ተደርጎ ይላክለታል። ፕላስቲኩ በታክሲ ይናጣል፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ቡሄና እንቁጣጣሽ ደግሞ የሚውሉት ሙቀቱ በሚያይልበት ወቅት ነው፤ ገናና ጥምቀት ብቻ ለጠማቂዋ ያዝናሉ።

በተከደነ ዕቃ ውስጥ ሒሳቡ እንዲህ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ የቀረ 4 ግራም ስኳር ሲፈላ 2 ግራም ያህል ጋዝ፣ ማለትም አንድ ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይሰጣል። የፋብሪካ ቢራ በሊትር የሚይዘው ብዙውን ጊዜ 5 ግራም ገደማ ነው። ሻምፓኝ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ እንዲፈላ በሊትር 24 ግራም ያህል ስኳር ይጨመርለታል፤ ጠርሙሱ ወፍራም፣ ቡሹም በሽቦ የታሰረው ስለዚህ ነው። 24 ግራም አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ናት። በሃይድሮሜትር 0.010 ያህል ልዩነት ብቻ ናት። ጣፋጭነቱ ገና ያልጠፋ ጠላ ከዚህ በላይ ሊኖረው ይችላል፤ ቀጭን የቢራ ጠርሙስ ግን የሻምፓኝን ግፊት ሊችል አልተሠራም። ሙቀቱም ይጨምርበታል፦ በ20 ዲግሪ 2 ባር ያህል የሚገፋ ቢራ በ35 ዲግሪ፣ አንድም ስኳር ሳይጨመር፣ ከ3 ባር በላይ ይገፋል። ጋዝ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ መሟሟት አይወድም።

ስለዚህ ሃያብለ ላይ ለጠላ የሚሆነው ዕቃ መስታወት አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው፤ እርሱም የለስላሳ መጠጥ የነበረው፣ ግፊት እንዲችል የተሠራው። ጥቅሙ ጥንካሬው ብቻ አይደለም፣ መናገሩም ነው፦ በጣት ሲጫኑት ጠጥሮ ከተገኘ ቀስ ብሎ ክዳኑን ላላ አድርጎ ማስተንፈስ ይቻላል። መስታወት እስኪፈነዳ ድረስ ዝም ነው። ጉሽ ግን በፕላስቲክም ቢሆን ባይከደን ይመረጣል። እርሾውን፣ ስታርቹንና በሕይወት ያለውን ኢንዛይም ሁሉ ተሸክሞ ስለሚገባ፣ ዛሬ ያረፈ ቢመስል ነገ የራሱን ስኳር ሠርቶ ይፈላል። የሚሞላው የጠለለው ነው፤ ከላይ በቱቦ፣ አተላውን ሳይነኩ፣ ሳያንቦጫርቁ። ማንቦጫረቅ አየር ያስገባል፣ አየር ደግሞ ለኮምጣጤ ባክቴሪያ በር ይከፍታል።

መፍላቱን ማዘግየት ምልክቱን ማንበብንም ያቀላል፤ ቀስ ያለ ሥራ ዕድል ይሰጣል። በርሜሉን ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አቁሞ እርጥብ ጆንያ ማልበስ ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። የሚገርመው ይህ ዘዴ በበጋው ሳይሆን በቃጠሎው ወቅት የበለጠ መሥራቱ ነው፦ ከሰኔ በኋላ የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ደረቅ ስለሆነ ውሃውን ቶሎ ያተነዋል፤ በጥር አየሩ ከባሕሩ እርጥበት ስለሚጠግብ ጆንያው እንደራሰ ይውላል እንጂ ብዙ አያቀዘቅዝም። ግቢው ውስጥ ያለው በርሜል ጆንያውን የለበሰው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ያ ጨርቅ እንደገና ይፈታል። ከበርሜሉ ሥር የቆመችው የተጨመቀች ሃይላንድ አንድ ጎኗ እንደገባ ናት። ብርጭቆው ወደ ብርሃን ይነሳል፤ ከላይ ጠርቷል፣ ከታች ጭጋግ አለ። ሴትዮዋ ትቀምሳለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ለጎረምሳውም ትሰጠዋለች። ምሬቱ ከፊት፣ ኮምጣጣነቱ ከኋላ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቆጠረው ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት በጠርሙስ አቆያለሁ ብሎ አይድከም፣ ከበርሜሉ እየቀዳ በሁለት ቀን ይጨርስ። ማቀዝቀዣ ያለው ግን የጠለለውን በለስላሳ ፕላስቲክ እስከ አንገቱ ሞልቶ ወዲያው ያስገባ፤ በ4 ዲግሪ እርሾውም ባክቴሪያውም ሥራቸው እጅግ ይዘገያል፣ ክዳኑንም በየቀኑ ጠዋት በጣቱ ጫን እያደረገ ይየው።